አፍንጫው ላይ ቀዳዳ የሌለው አውሮፕላን

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጋሼ ሰላም ነዎት? የአቪዬሽን ተማሪ ነኝ። ሰሞኑን የአንድ አዲስ ባለ ሁለት መቀመጫ ማሠልጠኛ አውሮፕላን ሥዕል ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ክንፉ ከላይ ነው፣ ጅራቱ የቲ ቅርጽ አለው። አንዱ የአሜሪካው ሴስና ኩባንያ ነው ይላል፣ ሌላው የቻይና ነው ይላል፣ በባትሪ ነው የሚበረው የሚልም አለ። እውነት ሴስና 172ን፣ ያንን የታወቀ ባለ አራት መቀመጫ ማሠልጠኛ፣ የሚተካ ሊመጣ ነው? እርስዎ ቢገምቱ ምን ዓይነት ይሆናል? ለእኛ አገርስ ይሆናል?»

ሰላም ወንድሜ። ሥዕሉን አየሁት። ያምራል፣ የሣለው ሰው እጁ ይባረክ። ግን አፍንጫውን አጉልተህ ተመልከት። ድፍን ነው። አየር የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር ውስጡ ካለ መተንፈስም መቀዝቀዝም አለበት። በባትሪ ነው ብንል እንኳ ባትሪውም ሞተሩም ይግላሉ፣ ሙቀቱ በሆነ በኩል መውጣት አለበት። ክንፉ ላይ ደግሞ የነዳጅ መሙያ ክዳን አይታይም። ስለዚህ ይሄ መሐንዲስ የሠራው ሥዕል አይደለም። ምኞት ነው።

ምኞቱን ግን አልንቀውም። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት በማሠልጠኛ አውሮፕላን ሆድ ሥር ተንጋልዬ ነው። ሠልጣኝ ያጣመመውን አቃንቻለሁ፣ የሰነጠቀውን በባትሪ መብራት ፈልጌ አግኝቻለሁ። በየጥቂት ዓመቱ እንዲህ ያለ ወሬ ይመጣል። ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆያ) ውስጥ ሁላችንም አንድ ስልክ ላይ ተደፍተን እናያለን። ክንፉ ከላይ ይሻላል፣ ከታች ይሻላል እየተባለ ሻይ ይቀዘቅዛል። እኔ ግን አሁን አሁን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ነው የምጠይቀው፦ ሞተሩ ምንድን ነው? ሞተሩን ካወቅኩ ክብደቱን፣ የሚጠጣውን ነዳጅ፣ የሰዓቱን ዋጋ፣ የትኛው አገር ላይ እንደሚያዋጣ በግምት እደርስበታለሁ። የጅራቱን ቅርጽ ባውቅ ግን ምንም አላውቅም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።)

«ሴስና አዲስ ነገር ሊያወጣ ነው» የሚለው ወሬ ራሱ ጡረታ መውጣት ነበረበት። በ2006 ኦሽኮሽ ላይ፣ ማለትም ዊስኮንሲን ውስጥ በየዓመቱ በሚደረገው ትልቁ የአውሮፕላን ትርኢት ላይ፣ ሴስና አንድ አዲስ አውሮፕላን በሕዝቡ አናት ላይ አሳለፈ። ክንፉ ከላይ ነው፣ ግን 172 ላይ የምናውቀው ደጋፊ ዘንግ የለውም። «ቀጣዩ ትውልድ» ነበር የሚሉት። አገር ጉድ አለ። በቃ የ172 ዘመን አበቃ ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ኮሎምቢያ የተባለውን ሌላ አምራች ገዛ፣ ያ አውሮፕላን ደግሞ ገበያ ሳያይ ቀረ። ልብ በል፣ እሱ ሥዕል አልነበረም። ሞተር ኖሮት በሰው አናት ላይ የበረረ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው የስካይካቸር ታሪክ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስለ አዲስ ማሠልጠኛ የሚነሳው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ሴስና 162 ነው ትክክለኛ ስሙ። በ2007 ሲተዋወቅ ዋጋው 109,500 ዶላር ነው ተባለ። ሰው ተሻማበት፣ ትእዛዙ ከ1,000 አለፈ። አሜሪካኖች በ2004 ያወጡት ደንብ ነበር፣ «ቀላል ስፖርት አውሮፕላን» የሚባል። ሁለት መቀመጫ ብቻ፣ ክብደቱም ከነሰዉና ከነነዳጁ ከ600 ኪሎ እንዳይበልጥ ይላል። በዚህ ደንብ የሚሠራ አውሮፕላን እንደ ትልቆቹ ረጅምና ውድ የምስክር ወረቀት ጣጣ ውስጥ አይገባም። ሴስና ይሄን አየና ርካሽ ማሠልጠኛ ለመሥራት ተነሳ።

እስቲ አብረን እንደምር። ስካይካቸር ባዶውን 376 ኪሎ ገደማ ነው። ከ600 ሲቀነስ 224 ይቀራል። ታንኩ ሲሞላ ወደ 65 ኪሎ ነዳጅ ይይዛል። ቀሪው 159 ኪሎ ነው። አሁን ሁለት ሰው አስቀምጥ። አስተማሪው እንደ እኔ ቁርጥ የሚወድ ከሆነ ወይ ነዳጅ ይቀነሳል፣ ወይ ሠልጣኙ መሬት ይቀራል። ነዳጅ ሲቀነስ ደግሞ ረጅም የጉዞ ልምምድ የለም ማለት ነው። ታዲያ ለምን ከበደ? አንዱ ምክንያት ሞተሩ ነው። ኮንቲኔንታል ኦ-200 የሚባለውን የ100 ፈረስ ጉልበት ሞተር መረጡ፣ ድሮ በሴስና 150 ላይ የነበረውን የሞተር ዘር ማለት ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ፣ የአሜሪካ መካኒክ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው። የኦስትሪያው ሮታክስ 912 ያንኑ 100 ፈረስ ይሰጥ ነበር፣ ክብደቱም በብዙ ኪሎ ያንሳል። እነሱ ግን የታወቀውን መረጡ። እንደ ጥገና ሰው አልፈርድባቸውም። እኔም ብሆን ምናልባት ያንኑ አደርግ ነበር። ግን 600 ኪሎ ላይ እያንዳንዷ ኪሎ ወይ ሰው ናት ወይ ነዳጅ ናት።

ቀጥሎ ስፒን መጣ። ስፒን ማለት ክንፉ ማንሳት ካቆመ በኋላ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ እንደ ቡሽ መክፈቻ ወደ ታች የሚወርድበት ነገር ነው። ማሠልጠኛ አውሮፕላን ከዚህ በቀላሉ መውጣት አለበት። በሴፕቴምበር 2008 አንዱ የሙከራ አውሮፕላን በስፒን ሙከራ ተከሰከሰ። በማርች 2009 ሁለተኛው ደገመ። አብራሪዎቹ ሁለቱም ጊዜ ተርፈዋል። ጅራቱ እንደገና ተሠራ። አካሉ ቻይና ሼንያንግ ይሠራ ስለነበር ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ነበረ። ዋጋው ወደ 149,900 ዶላር ወጣ። ያ 1,000 ትእዛዝ ቀለጠ። ለገዢ የደረሱት 200 እንኳ አልሞሉም። ሳይሸጡ የቀሩት በ2016 ተቆራርጠው ተጣሉ። አዲስ አውሮፕላን፣ አንድ ሠልጣኝ ሳያርፍበት፣ ወደ ቁርጥራጭ ብረት። ፎቶውን ሳይ ሆዴን ነው የቆረጠኝ።

እና 172 ለምን አይሞትም? መጀመሪያ የበረረው በ1955 ነው። ከ44,000 በላይ ተሠርቷል። በዓለም ላይ ይሄን ያህል የተሠራ ሌላ አውሮፕላን የለም። እንዲያውም አንዴ ሞቶ ነበር። በ1986 ምርቱ ቆመ። የዚያኔ አሜሪካ ውስጥ የፍርድ ቤት ካሳ የትናንሽ አውሮፕላን አምራቾችን አናታቸው ላይ ወጥቶባቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት የሞላው አውሮፕላን ሲወድቅ እንኳ ፋብሪካው ይከሰሳል። በ1994 አንድ ሕግ ወጣ፣ 18 ዓመት ካለፈው አውሮፕላን ጋር በተያያዘ አምራቹን እንዳይከስሱ የሚገድብ። ከዚያ በኋላ ነው ሴስና ካንሳስ ውስጥ ኢንዲፔንደንስ ከተማ ፋብሪካ ከፍቶ 172ን እንደገና ማምረት የጀመረው። ያስነሳው ሕግ ነው እንጂ አዲስ ክንፍ አይደለም።

ሌላው ምክንያት እግሩ ነው። ሠልጣኝ ሲያርፍ አይተህ ታውቃለህ? አንዳንዱ በአንድ ሙከራ ሦስት ጊዜ ያርፋል። የ172 ዋና እግር እንደ ቀስት የሚለጠጥ ብረት ነው። ዘይት የለበትም፣ የሚያፈስ ነገር የለበትም። ይለጠጣል፣ ይመለሳል፣ ይረሳል። አፍንጫው ግን ስስ ነው። ሠልጣኙ በአፍንጫ ጎማ ከወረደ፣ የእኔ የጠዋት ሥራ በሞተሩና በኮክፒቱ (በአብራሪው ክፍል) መካከል ያለው ግድግዳ፣ ፋየርዎል የሚባለው፣ ተጨማዶ እንደሆነ ማየት ነው። የት እንደሚጨማደድ መካኒክ ሁሉ ያውቃል። እንዴት እንደሚጠገን መጽሐፉ ላይ አለ። መለዋወጫ ዕቃው አለ። ይሄ «የት እንደሚጎዳ ይታወቃል» የሚለው ነገር ዋጋው ብዙ ነው፣ ማስታወቂያ ላይ ግን አይጻፍም።

አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው ዘመናዊ ማሠልጠኛ ነበረን። ለስላሳ፣ ፈጣን፣ ኮክፒቱ ስክሪን ብቻ። የአፍንጫ እግሩ አንዲት ቁራጭ ዕቃ ተሰበረች። መዳፍህ ላይ የምታርፍ ነገር ናት። ፋብሪካውን ጠየቅን፣ «በቅርቡ» አለን። አራት ወር። አውሮፕላኑ ሃንጋር ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ፣ ሠልጣኞቹ ሰዓት ሳይሞሉ ክረምት ገባባቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ አዲስ ዲዛይን ሲነገረኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሞተሩ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ «ዕቃው ከየት ነው የሚመጣው?» ነው።

ስለ ቲ ጅራቱ ጠቀስ አድርገሃል። እሱም ቢሆን ተሞክሯል። በ1970ዎቹ ፓይፐር የተባለው የአሜሪካ አምራች አዲስ ማሠልጠኛ ሲነድፍ ያደረገው ነገር ደስ ይላል። አስተማሪዎቹን ጠየቀ። እነሱም አሁን ያሉት ማሠልጠኛዎች ስህተትን በጣም ይቅር ይላሉ፣ ሠልጣኙ ስቶልንና (ክንፉ ማንሳት የሚያቆምበትን ሁኔታ) ስፒንን በደንብ አይማርም አሉ። ቶማሆክ ተወለደ። ጅራቱ ቲ፣ ከኮክፒቱ ዙሪያውን የሚታይ፣ ወደ ስፒን ከምር የሚገባ። የሰጡት የተጠየቀውን ነው። ከዚያ ሠልጣኞች ከመሬት ብዙ ሳይርቁ ስቶል ውስጥ ሲገቡ አደጋው ከሴስና 150 እና 152 በልጦ ተገኘ። ቅጽል ስም ወጣለት፣ በእንግሊዝኛ «ጉዳት» የሚል ቃል ስሙ ውስጥ አስገብተው «ትራማሆክ» አሉት። 2,500 ገደማ ተሠርቶ በ1982 ቆመ። ተመሳሳይ ክንፍና ጅራት የነበረው የቢችክራፍት ስኪፐር ደግሞ 300 ከምናምን ላይ ቀረ። ሁለቱም መጥፎ አውሮፕላኖች አልነበሩም፣ ቶማሆክን የሚወዱ ጎበዝ አስተማሪዎች አውቃለሁ። ግን ጎበዝ አስተማሪ የሚወደውና ለአሥረኛ ሰዓት ሠልጣኝ የሚሆነው ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ሞተሩ ልምጣ፣ ለእኛ አገር ይሆናል ወይ ላልከውም መልሱ እዚያ ነው።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ሞተር የሚበላው ነዳጅ ብቻ አይደለም፣ አየርም ይበላል። ቀትር ላይ 25 ዲግሪ ሲሆን የቦሌ አየር እፍጋቱ በባሕር ወለል ካለው መደበኛ አየር 72 ወይም 73 በመቶ ያህል ነው። ቱርቦ (አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ አየር ውስጥ የጉልበቱን ሲሶ ገደማ ያጣል። የ172ቱ 180 ፈረስ ወደ 125 ይወርዳል። የስካይካቸሩ 100 ፈረስ ደግሞ 70 አይሞላም። ክንፉም ያው የሳሳውን አየር ነው የሚገፋው፣ ስለዚህ ለመነሳት መሬት ላይ የሚያስፈልገው ፍጥነት 17 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጉልበት ተቀንሶ ፍጥነት ይጨመርልኝ ማለት ነው። የቦሌ መንደርደሪያ ረጅም ስለሆነ መነሳቱ አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ከተነሱ በኋላ ያለው መውጣት ነው። በስተሰሜን እንጦጦ ቆሟል፣ እሱ ደግሞ ለሠልጣኝ ብሎ ዝቅ አይልም።

ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ በቀላል አውሮፕላን ላይ «100 ፈረስ ይበቃል» ሲሉህ ለእነሱ እውነት ነው። የጣሊያኑ ቴክናም ፒ-ሜንቶር፣ የፈረንሳዩ ኤሊክሲር፣ የቼኩ ብሪስቴል ቢ23 ሁሉም በሮታክስ 912 ዘር ነው የሚበሩት። ሁሉም ከ2020 ወዲህ ሙሉ የአውሮፓ የምስክር ወረቀት ያገኙ ናቸው። በሰዓት የሚጠጡት ነዳጅ የ172ቱን ግማሽ ያህል ነው። በፈረንሳይዋ ላ ሮሼል ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚማር ልጅ ወርቅ ናቸው። ቦሌ ላይ ሁለት ሰው ጭነው ቀትር ላይ ሲነሱ ግን አስተማሪው ዝም ብሎ ወደ ፊት እያየ የሚጸልይ ይመስለኛል።

ታሪኩን የሚቀይረው ሮታክስ 915 ነው። 141 ፈረስ፣ ቱርቦ ያለው። ሙሉ ጉልበቱን እስከ 15,000 ጫማ (4,570 ሜትር ገደማ) ድረስ ይዞ ይወጣል። ከላይ ያለውን ቁጥር አስታውስ። ወረቀት ላይ 180 ፈረስ ያለው የ172 ሞተር ቦሌ ላይ 125 ነው። ወረቀት ላይ 141 ያለው ቦሌም ላይ 141 ነው። ያውም በብዙ የቀለለ። ታላቅ ወንድሙ 916 ደግሞ 160 ፈረስ ይዞ በ2023 ወጥቷል። የሲሊንደሩ ራስ በውሃ ስለሚቀዘቅዝ ተነስ፣ ዙር፣ እረፍ፣ ተነስ በሚባልበት ልምምድ ላይ ያለውን የሙቀት መውጣትና መውረድ በደንብ ይችለዋል። አስቸጋሪው ነገር በቱርቦውና በኤሌክትሮኒክሱ ላይ የሠለጠነ መካኒክ ይፈልጋል። በዊንችና በመዶሻ ያደገ ሰው ኮምፒውተር ይዞ መቆም አለበት። እኔም እዚያ ውስጥ ነኝ።

በነገራችን ላይ እኛም አንድ ቀላል አውሮፕላን ሠርተናል። «ፀሐይ»። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ሠራት፣ በ1935 መጨረሻ በረረች። በልዕልት ፀሐይ ስም ነው የተሰየመችው። ጣሊያን ወስዷት ኖራ በጃንዋሪ 2024 ተመለሰች። አካሏ እዚህ ተሠራ። ሞተሯ ግን የፕራጉ ዋልተር ፋብሪካ ያመረተው ቬነስ የተባለ 115 ፈረስ ሞተር ነው። ያኔም ነገሩ ይኸው ነበር። አውሮፕላን ልሥራ ያለ ሰው ሞተር ፍለጋ ነው የሚወጣው።

ስለ ነዳጁም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አብዛኛው ማሠልጠኛ የሚጠጣው አቭጋዝ የሚባለው የአውሮፕላን ቤንዚን እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለበት። ዓለም ደግሞ ከእርሳስ ጋር እየተጣላ ነው። አሜሪካ እስከ 2030 ድረስ ልታቆመው አቅዳለች። መተኪያው ግን ቀላል አልሆነም። የሰሜን ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ የበረራ ትምህርት ቤት አለው። በ2023 እርሳስ ወደሌለው ነዳጅ ዞረ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የሞተሮቹ የቫልቭ መቀመጫዎች ከሚገባው በላይ እየተበሉ ሲያልቁ አየና ወደ ድሮው ተመለሰ። አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አቭጋዝ ራሱ በየኤርፖርቱ አይገኝም፣ በበርሜል እየተጎተተ ይመጣል። የጄት ነዳጅ ግን ትልቅ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሁሉ አለ። የኦስትሪያው ዳይመንድ ዲኤ40 ኤንጂ በዚህ ነው ያሸነፈው። የመርሴዲስ መኪና ሞተር መነሻ አድርጎ የተሠራ፣ ቱርቦ ያለው፣ 168 ፈረስ፣ የጄት ነዳጅ የሚጠጣ ሞተር አለው። ጉዳቱ ክብደቱ ነው፣ ሙሉ ጭነቱ 1,310 ኪሎ ይደርሳል። ሴስናም ይሄን መንገድ ሁለት ጊዜ ሞክሮታል። አንዴ በጀርመኑ ቲለርት ሞተር 172 አቀርባለሁ አለ፣ ሞተር ሠሪው በ2008 ከሰረ። ሁለተኛው ሙከራ በ2018 ታጠፈ። ሁለቱንም ጊዜ አካሉ ያው 172 ነው። ያስቸገረው የሞተሩ ነገር ነው።

ባትሪውስ? በ2020 የስሎቬንያው ፒፒስትሬል ቬሊስ ኤሌክትሮ ሙሉ የአውሮፓ የምስክር ወረቀት ያገኘ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ሆነ። ሁለት ሰው ይይዛል። በአየር ላይ የሚቆየው እስከ 50 ደቂቃ ነው። ኤርፖርቱን እየዞሩ ማረፍ ለመለማመድ ይበቃል፣ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ አይበቃም። የሚገርምህ ግን ለከፍታ ግድ የለውም። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይበላም። ቦሌ ላይም ባሕር ዳርቻም ያው ነው፣ ክንፉና ፕሮፔለሩ ናቸው የሚቸገሩት። ባትሪ ሁለት እጥፍ ቢሻሻል እኔ ራሴ ሐሳቤን እቀይራለሁ። አሁን ባለው ግን አንድ ትምህርት ቤት ባትሪ ብቻ ይዞ ሠልጣኝ አያስመርቅም።

እዚህ ላይ ወሬውን ትንሽ የሚያስታምም እውነት አለ። ፒፒስትሬልን በ2022 የገዛው ቴክስትሮን ነው። ቴክስትሮን ደግሞ የሴስና ባለቤት ነው። ስለዚህ «የሴስና አዲስ ማሠልጠኛ» የሚባል ነገር አንድ ቀን ከመጣ፣ ካንሳስ ላይ ከባዶ ተነድፎ ሳይሆን ስሎቬንያ ውስጥ ተወልዶ የአያቱን ስም የያዘ ቢሆን አይገርመኝም። ይሄ የእኔ ግምት ነው፣ በስልክ እንዳታዞረው።

ብረት ወይስ ካርቦን የሚለው ሌላ ክርክር ነው። በኤፕሪል 2018 ዴይቶና ቢች፣ ፍሎሪዳ፣ አንድ ታዋቂ የበረራ ዩኒቨርሲቲ ያሠለጥንበት የነበረው ፓይፐር ክንፉ አየር ላይ ተገነጠለ። ሁለት ሰው ሞተ። ምክንያቱ የክንፉ ዋና ዘንግ ውስጥ የተጠራቀመ የብረት ድካም ነበር። ሽቦ እያጠፉ እየመለሱ ሲሰብሩት ማለት ነው። ማሠልጠኛ አውሮፕላን ዕድሜው የሚለካው በሰዓት ብቻ አይደለም፣ ስንት ጊዜ ተመትቶ እንዳረፈ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ የዚህ ዘር ፓይፐሮች የክንፋቸው ዘንግ እንዲመረመር ታዘዘ። ካርቦን ፋይበር እንዲህ አይደክምም። ግን ሌላ ጠባይ አለው። ብረት ሲመታ ይጎደጉዳል፣ ይታይሃል። ካርቦን ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊላቀቅ ይችላል። እኛ በሳንቲም ኳ ኳ እያደረግን ድምፁን እንሰማለን። አትሳቅ፣ የታወቀ የምርመራ ዘዴ ነው። ጉዳቱን ካገኘህ በኋላ ለመጠገን ደግሞ ንጹሕ ክፍል፣ ልክ ያለው ሙቀት፣ ቀኑ ያላለፈ ሙጫ ያስፈልጋል። አልሙኒየም ላይ ግን ሁለት ሰው፣ መብሻና ሪቬት (የብረት ማያያዣ ሚስማር) ይበቃል። ራቅ ያለ ቦታ ላለ ትምህርት ቤት እኔ አሁንም ብረት ነኝ።

የወረቀቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። በጁላይ 2025 አሜሪካ ያንን የ2004ቱን የ600 ኪሎ ደንብ ቀየረችው። ሞዛይክ ይሉታል። አሁን የሚለካው ክብደቱ ሳይሆን አውሮፕላኑ ስቶል የሚገባበት ፍጥነት ነው፣ መቀመጫውም እስከ አራት ይፈቀዳል። አዳዲስ አውሮፕላኖችን በዚህ ደንብ ማውጣት የሚቻለው ደግሞ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ነው። የሰሞኑ ወሬ ሁሉ የሚነፍሰው ከዚህ ነው። ስካይካቸርን ያነቀው ገመድ ተፈታ። ግን ለእኛ አንድ «ግን» አለው። በዚህ መንገድ የሚወጣ የአሜሪካ ወረቀት ልዩ ፈቃድ ነው፣ ሌላ አገር በቀጥታ የመቀበል ግዴታ የለበትም። አሜሪካ ውስጥ ርካሽ ሆኖ የወጣ አውሮፕላን ወደ እኛ ለመምጣት ያንን የሸሸውን ሙሉ የምስክር ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል። ያኔ ርካሽነቱ አብሮ ይሄዳል።

በቃ ግምትህን ንገረኝ ካልክ፣ የእኔ ውርርድ ይሄ ነው። ሁለት መቀመጫ ጎን ለጎን፣ ምናልባት ከኋላ ለሦስተኛ ተማሪ ጠባብ ቦታ። ክብደቱ ከነጭነቱ 750 ኪሎ አካባቢ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ። ሞተሩ ሮታክስ፣ የመጀመሪያዎቹ ቱርቦ የሌለው፣ ቀጥሎ 915 ያለው። ለአውሮፕላኑ ራሱ ፓራሹት ይኖረዋል። ነዳጁ እርሳስ የሌለው። ኮክፒቱ ስክሪን። ዋጋው ከአንድ አዲስ 172 ያነሰ ይሆናል፣ 172 ዛሬ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ስለሆነ ማነስ ከባድ አይደለም። እና 172ን አይተካውም። የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ስልሳ ሰዓታት ከ172 ላይ ይወስድበታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ውጭ ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ የመብረር ትምህርት፣ ሦስት ሰው ጭኖ መሄዱን ሁሉ ሽማግሌው ይቀጥላል።

ለእኛ አገርስ? ደጋ ላይ ለሚያሠለጥን ቱርቦ የሌለው አዲስ ዲዛይን በነጻ ቢሰጡትም ሁለት ጊዜ ያስብ። ድሬዳዋን ያህል ወረድ ስትል፣ 1,160 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሒሳቡ ይለሰልሳል፣ ሙቀቱ ግን ከለሰለሰው ላይ ቆንጥሮ ይወስዳል። ክንፉ ከላይ ይሁን ከታች ለሚለው ክርክር ደግሞ አንድ ተራ ምክንያት አለኝ። ቀትር ላይ ውጭ ቆመህ አውሮፕላን ስትመረምር ከላይ ያለ ክንፍ ጥላ ይሆንሃል።

ሥዕሉ ተሻሽሎ አፍንጫው ላይ ቀዳዳ ከወጣለት ላክልኝ። ከቀዳዳው ስፋት ሞተሩን ለመገመት እሞክራለሁ።